መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ እንዳይሄድ፦ ለየትኛው ቤት የቱ ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የክረምት ማታ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ነበርኩ። 2 ሰዓት አለፍ ብሏል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝናቡ ተለቀቀ። አምፖሉ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ላፕቶፔ ባትሪ ስላለው ይሠራል። የዋይፋይ ሳጥኔ ላይ የነበሩት አረንጓዴ ነጠብጣቦች ግን የሉም። ተሰብሳቢዎቹ ዘንድ ምስሌ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። እኔም በጨለማ ስልኬን እየዳበስኩ «ኢንተርኔት ጠፋ» አልኩ።

ኢንተርኔቱ ግን አልጠፋም ነበር። እስከ በሬ የሚመጣው የፋይበር መስመር ደህና ነው። የሞተችው 10 ዋት ያህል ብቻ የምትበላ አንዲት ነጭ ሳጥን ናት። ይህ እስኪገባኝ አንድ ዓመትና ሦስት የተሳሳቱ ግዢዎች ፈጅቶብኛል። ሦስቱንም በየቦታቸው እነግራችኋለሁ።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ እናንተ ሱቅ እስክትደርሱ ያረጃል። ስለዚህ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያልኩ እሄዳለሁ። ከዚያ ይልቅ ዋጋ የምታወዳድሩበትን ስሌት እሰጣችኋለሁ።

መጀመሪያ፦ የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው?

ኢንተርኔት እናንተ ዘንድ ለመድረስ አራት ቦታ ያልፋል፦ የአቅራቢው ጣቢያ፣ የመንገዱ መስመር፣ የሕንፃው ውስጥ ገመድ፣ በመጨረሻም የእናንተ ሳጥን። ባትሪ ገዝታችሁ የምታድኑት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ ያለው የመስታወት ክር ነው፤ የሚያልፍበትም ብርሃን ነው። መንገድ ላይ ብርሃኑን ለብዙ ቤት የሚያካፍለው ዕቃ እንኳ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጣቢያው ደግሞ የራሱ መጠባበቂያ አለው። ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልም እንኳ ሳጥናችሁ ኃይል ካገኘች አብዛኛውን ጊዜ ትሠራለች።

የድሮው የስልክ መዳብ ላይ የሚሠራው ኤዲኤስኤል ከሆነ ነገሩ ይለያል። መንገድ ዳር ቆመው የምታዩዋቸው ትልልቅ የብረት ሳጥኖች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ አለ። ባትሪ አላቸው። ባትሪው ሲያረጅ ወይም መጥፋቱ ሲረዝም ግን ሳጥኑ ይተኛል። ያኔ ሞደማችሁ ቢበራም መስመር የለም።

አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሕንፃ ውስጥ ፋይበሩ ምድር ቤት ላይ ያበቃና ከዚያ ወደየቤቱ የሚወጣው ተራ የኔትወርክ ገመድ ነው። ታች ሆኖ መስመሩን ለየቤቱ የሚያካፍለው የኔትወርክ ሳጥን (ስዊች) መብራት ከሌለው እናንተ አምስተኛ ፎቅ ላይ ምንም ብትገዙ ዋጋ የለውም። ካዛንቺስ የሚኖር ወዳጄን የገጠመው ይሄ ነው። ለራሱ የገዛው ባትሪ ይሠራል፣ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት የለም። በመጨረሻ አምስት ጎረቤት አዋጥቶ ለታችኛው ስዊችም አንድ ተገዛለት። የሕንፃውን ጥበቃ «ይሄ ሳጥን መብራት ሲጠፋ ይበራል?» ብሎ መጠየቅ ነጻ ነው።

ለመሞከር የቤታችሁን ብሬከር ማጥፋት አይበቃም። ብሬከሩን ስታጠፉ ሰፈሩ መብራት አለው፤ የመንገዱም ሳጥን የምድር ቤቱም ስዊች እየሠሩ ነው። የሚሞከረው መብራት የእውነት ሲጠፋ ነው። ከወዳጅ አንድ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን በባትሪ የምታቆይ ትንሽ ሳጥን) ተዋሱና ጠብቁ። ፋይበር ሳጥን ላይ «ኤል ኦ ኤስ» (LOS) የምትል መብራት አለች። እሷ ቀይ ከሆነች ብርሃኑ ከውጭ አልመጣም ማለት ነው፤ ምንም ባትሪ አያድናችሁም። ኤክስካቫተር መስመሩን ሲበጥሰውም የምታዩት ይህቺኑ ቀይ ነው። የኮሪደር ልማቱ በተፋፋመባቸው ሰፈሮች ያላችሁ በደንብ ታውቋታላችሁ።

ለአንድ ወር ደግሞ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትና ርዝመት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሰው ሲያማርር «ሁሌ ይጠፋል» ይላል፤ ሲመዘግብ ግን የእሱ ሰፈር ችግር በሳምንት ሁለቴ ለ40 ደቂቃ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ በወር አንዴ ግን ሙሉ ቀን። የሁለቱ መፍትሔ አንድ አይደለም።

«ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቆ እንዴት ይጠፋል?» የሚል ጎረቤት አለኝ። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ኃይል በሰፈር ትራንስፎርመርና ሽቦ አድርሶ ሶኬታችሁ ውስጥ ማስገባት ሌላ ነገር። ነፋስ ሽቦ ሲያነካካ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ መስመር ለጥገና ሲቋረጥ የሚጠፋው የሰፈሩ ነው። የበዓል ዋዜማ ላይ ደግሞ ሁሉም ቤት ምጣድ ይጥዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚጎትት ትራንስፎርመሩ ቢያቃስት አይገርምም። አንዳንዴማ ምንም አልጠፋም፤ የቆጣሪው ካርድ ነው ያለቀው። ይሄ እኔንም ደርሶብኛል።

በምን እንመዝን?

አምስት ነገር ይበቃል። ስንት ሰዓት ያቆያል? መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሳጥኗን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳታል ወይስ ሳትቋረጥ ትቀጥላለች? ባትሪው ሲሞት ምን ያስከፍላል? ጫጫታ፣ ሽታ፣ አደጋ አለው? ከዋይፋይ ሌላ ምን ይሸከማል?

ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ግን ሳጥኗ አንዴ ከጠፋች ተነስታ መስመር እስክትይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትፈልጋለች። ስብሰባ ላይ ላለ ሰው ሦስት ደቂቃ ብዙ ነው። መብራቱ በአንድ ማታ አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ አስቡት።

የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሱቅ ውስጥ የምትታለሉት እዚህ ላይ ነው። የሳጥናችሁን ቻርጀር ገልብጡና «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ካለ ቢበዛ 12 ዋት ትበላለች ማለት ነው። በተግባር ከዚያ ያነሰ ነው፤ 10 ብለን እንያዝ።

ባትሪ ላይ የሚጻፈው ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ደግሞ የሚለካው በውስጥ ባትሪው 3.7 ቮልት ነው። 8,800 ከተባለ፦ 8.8 × 3.7 = 32.6 ዋት-ሰዓት፤ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ማለት ነው። ቮልቱ ወደ 12 ከፍ ሲል ትንሽ ስለሚባክን በ0.85 አባዙት፤ 27 ገደማ ይቀራል። ለ10 ዋት አካፍሉት። ሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል። ይህቺ ስሌት ካለቻችሁ ማንም ነጋዴ «ሙሉ ቀን ይሠራል» ብሎ አያልፋችሁም። ዋጋ ስታወዳድሩም ብሩን ለዋት-ሰዓቱ አካፍሉት። ለአንድ ዋት-ሰዓት ስንት ትከፍላላችሁ? እውነተኛው ዋጋ እሱ ነው።

ሚኒ ዩፒኤስ

የመጽሐፍ ቅዱስ ያህል የምታክል ሳጥን ናት። ውስጧ የሊቲየም ባትሪ አለ። የራውተሩን፣ ማለትም የዋይፋይ ሳጥናችሁን፣ ቻርጀር እሷ ላይ ትሰካላችሁ፣ ከእሷ ወደ ራውተሩ አጭር ገመድ ትዘረጋላችሁ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ እንኳ አያውቅም። ድምፅ የላትም፣ ሽታ የላትም።

የምትመረጥበት ዋና ምክንያት ብክነቷ ትንሽ ስለሆነ ነው። ራውተር የሚፈልገው 12 ቮልት የባትሪ ዓይነት ኃይል ነው። ትልልቁ ዩፒኤስ ባትሪውን ወደ 220 ቮልት ይቀይራል፤ ቻርጀራችሁ መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል። በመኻል የሚባክነው ራውተሩ ከሚበላው ሊበልጥ ይችላል። ሚኒዋ ይሄን ሁሉ ዙር ትዘላለች።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። የመጀመሪያው ቮልት ነው። አብዛኞቹ የ5፣ የ9 እና የ12 ቮልት መውጫ አላቸው፤ ቻርጀራችሁ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ሁለተኛው የገመዱ ጫፍ ነው። ቀዳዳው 2.1 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አይለየውም፣ ሲላላ ግን ራውተሩ በነካችሁት ቁጥር ይጠፋል። ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ።

ሦስተኛው የውሸት አቅም ነው። ሁለተኛው የተሳሳተ ግዢዬ ይህ ነበር። ላይዋ ላይ «20,000» የሚል የተጻፈባት ሚኒ ዩፒኤስ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ «ብራዘር፣ ይቺ እስከ ጠዋት ናት» አለኝ። 50 ደቂቃ ቆየች። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ጎረቤቴ በዊንዲቨር ከፈታት። አራት ሲሊንደር ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የአመልካች ጣት ርዝመት አላቸው። «18650 ይባላሉ» አለኝ፣ አንዱን በእጁ እየመዘነ። የዚህ መጠን ባትሪ ደህናው 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ቢይዝ ነው፣ ክብደቱም 45 ግራም አካባቢ ነው። አራቱ ምርጥ ቢሆኑ እንኳ ከ14,000 አያልፉም። 20,000 ከየት መጣ? እነዚያ ደግሞ ምርጥ አልነበሩም፤ አንደኛው ላይ የድሮ ብየዳ ምልክት አለ። ከሌላ ዕቃ ነው የተፈቱት።

ስለዚህ በእጃችሁ መዝኑ። ቀላል ከሆነች ባዶ ናት። ትክክለኛዋን ከአገኛችሁ ደግሞ በዳንቴል አትሸፍኗት። ቲቪ ላይና ራውተር ላይ ዳንቴል ማልበስ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ሊቲየም ባትሪ ግን ሙቀት ይገድለዋል። ከራውተሩ ሥርም አታድርጓት፤ ጎን ለጎን አየር ይንካቸው።

ድክመቷ ሰዓቷ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ትሄዳለች። ሁለት ሳጥን ካላችሁ፣ ማለትም የፋይበር ሳጥንና ለብቻው ራውተር፣ ሁለቱንም ማጉረስ አለባችሁ፤ ያኔ ሰዓቱ ያጥራል። አንዷን ረስቶ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ፓወር ባንክ ከገመድ ጋር

ቤት ውስጥ ፓወር ባንክ ካላችሁ የሚጎድላችሁ ገመድ ብቻ ነው። ከዩኤስቢ 5 ቮልት ተቀብሎ 12 አድርጎ የሚያወጣ ገመድ ይሸጣል። 20,000 የተጻፈበት እውነተኛ ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ነው። ብክነቱ ሲቀነስ 55 ያህል ይቀራል፤ 10 ዋት ለምትበላ ሳጥን አምስት ሰዓት ይሆናል። ከሚኒ ዩፒኤስ እጥፍ ማለት ነው።

ችግሩ በእጅ መሆኑ ነው። መብራት ሲጠፋ እናንተ ናችሁ ተነስታችሁ የምትሰኩት። በዚያ ላይ ብዙ ፓወር ባንክ ቻርጅ እየተደረገ ሌላ ዕቃ ሲሸከም ይደክማል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለአንድ አፍታ ይቋረጣል፤ ለራውተሩ ያ አፍታ ይበቃዋል፣ እንደገና ይነሳል። ደካማ የዩኤስቢ መውጫም ራውተሩ ሲነሳ የሚጎትተውን መሸከም አቅቶት ሲበራ ሲጠፋ ይኖራል።

አንደኛው የተሳሳተ ግዢዬ እዚህ ነው። ቮልቱ በእጅ የሚቀየር ገመድ ገዛሁ። የዚያን ጊዜ የነበረኝ የድሮ ሞደም 9 ቮልት ነው፤ ገመዱ 12 ላይ ነበር። ሰካሁት። መጀመሪያ ሁሉም መብራት በርቶ ደስ አለኝ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። እስክነቅለው ሞደሙ አልጠበቀኝም።

የኮምፒዩተር ዩፒኤስ

ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው ጥቁሩ ከባድ ሳጥን። ሰው «ዩፒኤስ እፈልጋለሁ» ሲል የሚሰጠው ይህ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፋይሉ ሳይጠፋ በሥርዓት እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ። ለማታ ሙሉ አይደለም።

650 ቪኤ (የዩፒኤስ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ነው። 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ለራውተር ብዙ ይመስላል። ግን ዩፒኤሱ ራሱ ወደ 220 ሲቀይር አሥር አሥራ አምስት ዋት ይበላል። ሁለት ሰዓት ከሰጣችሁ ጥሩ ነው። አንዳንዱማ ራውተሩ በጣም ትንሽ ስለሆነችበት «ምንም አልተሰካም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው በተሟጠጠ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። እንደኛ ሰፈር ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ቦታ ባትሪውን ሁለት ዓመት ካደረሳችሁት ጎበዝ ናችሁ።

ሦስተኛው ስሕተቴ ይህ ነው። ጩኸቱን ማንም አልነገረኝም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ቲት፣ ቲት ማለት ጀመረ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሳያቋርጥ ይጮኻል። እማዬ ከመኝታ ክፍሏ «ያን የሚያለቅስ ነገር ወይ ዝም አሰኘው ወይ አውጣው!» አለች። አወጣሁት። በዓመት ከመንፈቁ ባትሪው አብጦ ለቆራሌው ሄደ።

ዴስክቶፕ ላላችሁ ግን ይጠቅማል። ዴስክቶፑን ከእሱ፣ ዋይፋዩን ከሚኒዋ ማድረግ ነው። አንድ ላይ ከሰካችኋቸው ዴስክቶፑ ባትሪውን በደቂቃዎች ይጨርሰውና ዋይፋዩም አብሮት ይሄዳል።

ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ፣ ወይም ፓወር ስቴሽን

ቤት ሆነው ለሚሠሩ፣ መብራት ሙሉ ቀን ለሚጠፋባቸው። 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ጄል ወይም ሌላ የእርሳስ ዓይነት ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ 600 ቀረ። ዋይፋይ 10፣ ላፕቶፕ 45፣ ሁለት የኤልኢዲ አምፖል 20፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር ለራሱ 15፤ ድምሩ 90 ዋት። ስድስት ሰዓት ተኩል። ከ3 ሰዓት ጠዋት እስከ 9 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሥራ አልቆመም ማለት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ሲገዛ ይወደዳል፤ ግን ከአቅሙ 80 ከመቶውንና ከዚያም በላይ መጠቀም ይቻላል፣ ዕድሜውም ከእርሳሱ ብዙ እጥፍ ነው። አምስት ዓመት እዚያው ቤት የምትኖሩ ከሆነ ውድ የሚመስለው ይረክሳል።

ለተከራይ ግን ኢንቨርተር ግድግዳ ላይ ማሰር አያዋጣም። ፓወር ስቴሽን የተባለው እጀታ ያለው ሳጥን አለ፤ ኢንቨርተሩም ባትሪውም አንድ ላይ። ስትለቁ ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። አንድ ምክር፦ ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ የ12 ቮልት መውጫ አላቸው። ዋይፋዩን ከዚያ ስጡት። የ220 መውጫውን ዝጉት። 300 ዋት-ሰዓት የሚይዘው እንዲህ ሲሆን ዋይፋይ ብቻ ለአንድ ቀን ሙሉ ይሸከማል፤ በ220 በኩል ከሆነ ግን ወደ ግማሹ ይወርዳል።

የእርሳስ ባትሪ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ወይም አልጋ ሥር አይቀመጥም፤ ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። በረንዳ ላይ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ ይሁን። ሽቦውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ስጡት።

ጄኔሬተር

ለዋይፋይ ብቻ ጄኔሬተር ማስነሳት ለአንድ ሲኒ ቡና ፍርን እንደማቀጣጠል ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ደግሞ አታስቡት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሕንፃችሁ የጋራ ጄኔሬተር ካለው ግን ጥበቃውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ለቤት ሶኬት ይሰጣል ወይስ ለሊፍትና ለኮሪደር ብቻ? እስኪነሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለሶኬት የሚሰጥ ከሆነ የሚጎድላችሁ ያቺን ክፍተት የምትሞላ ትንሿ ሚኒ ዩፒኤስ ብቻ ናት። ርካሿ ትበቃችኋለች።

የሞባይል ዳታ

ምንም ሳይገዛ ያለ መጠባበቂያ ነው። ስልክ አለ፣ ሆትስፖት ይከፈታል፣ ስብሰባው ይቀጥላል። የኔትወርክ ማማዎች ባትሪ አላቸው፤ ጄኔሬተር ያላቸውም አሉ።

ሁለት ነገር ግን ያደክመዋል። መብራት ሲጠፋ በሰፈሩ ያለ ዋይፋይ ሁሉ አንድ ላይ ይሞታል፤ ሰው ሁሉ ወደ ዳታ ይገለበጣል። እንደ ልደታና ፒያሳ ሰው በተጠጋጋበት ቦታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ከዚያ መጥፋቱ ሲረዝም የማማው ባትሪ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ዳታ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ይታመናል፤ ለስድስተኛው ሰዓት ግን አልምልም።

ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ስላለ፣ ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ሁለቱንም መያዝ ትንሽ ወጪ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላውን መሞከር ነው። የፓኬጅ ነገርም አለ። በምስል የሚደረግ የአንድ ሰዓት ስብሰባ 1 ጊጋባይት አካባቢ ሊበላ ይችላል፤ በድምፅ ብቻ ከሆነ ግን 100 ሜጋባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ካሜራውን ዝጉ። በጨለማ ፊታችሁን ማን ሊያየው ነው?

ሲም የሚገባበትና የራሱ ባትሪ ያለው የኪስ ዋይፋይም አለ። የስልካችሁን ባትሪ ያድናል። የፎርጂ ራውተር ግን ብዙው ባትሪ የለውም፤ እሱንም ከሚኒ ዩፒኤስ ጋር ማጋባት ያስፈልጋል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ዋይፋይ ብቻ ሲሸከም (10 ዋት) | ሲቀያየር ይቋረጣል? | የመነሻ ወጪ | ሌላ ምን ይሸከማል? | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሚኒ ዩፒኤስ | ከ2 እስከ 4 ሰዓት | አይቋረጥም | ዝቅተኛ | ስልክ ቻርጅ | የውሸት አቅም ይበዛል |
| ፓወር ባንክና ገመድ (20,000) | 5 ሰዓት ገደማ | ይቋረጣል | በጣም ዝቅተኛ | ስልክ ቻርጅ | በእጅ ነው፤ ቮልት ማሳሳት |
| የኮምፒዩተር ዩፒኤስ (650 ቪኤ) | 2 ሰዓት ገደማ | አይቋረጥም | መካከለኛ | ዴስክቶፕ ለደቂቃዎች | ጩኸት፣ ባትሪው ቶሎ ያረጃል |
| ፓወር ስቴሽን (300 ዋት-ሰዓት) | በ12 ቮልት መውጫ አንድ ቀን | እንደ ሞዴሉ | ከፍተኛ | ላፕቶፕ፣ አምፖል | ዋጋው |
| ኢንቨርተርና 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ | አንድ ቀን ገደማ | እንደ ሞዴሉ | በጣም ከፍተኛ | ላፕቶፕ፣ አምፖል፣ ቲቪ | ቦታና ባለሙያ ይፈልጋል |
| የሕንፃ ጄኔሬተር | ነዳጅ እስካለ | ይቋረጣል | በሕንፃው | ሁሉንም፣ ከፈቀዱ | እስኪነሳ መጠበቅ |
| የሞባይል ዳታ | እስከ ማማው ባትሪ | ለጥቂት ሰኮንድ | ፓኬጅ ብቻ | የለም | መጨናነቅ |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ማታ ማታ ቪዲዮ ለሚያዩና ልጆቻቸው የቤት ሥራ ለሚሠሩበት ቤት፣ ፋይበር ካለ፣ ሚኒ ዩፒኤስ ግዙና ሌላውን እርሱት። ዘጠና ከመቶው ጥያቄ የሚመጣልኝ ከዚህ ዓይነት ቤት ነው፤ መልሴም ተቀይሮ አያውቅም።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ኪሳችሁ ከሳሳ፦ ያላችሁን ፓወር ባንክ በትክክለኛ ቮልት ገመድ። ቻርጅ እያደረጋችሁ አትሸከሙበት። ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።

ከቤት ሆናችሁ ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት መስመር ያስፈልጋችኋል፦ ሚኒ ዩፒኤስ ላይ ያለ ፋይበርና የሌላ ኩባንያ ሲም ላይ ያለ ዳታ። ባትሪ የኤክስካቫተርን ጥፋት አያድንምና። ምዝገባችሁ ከአራት ሰዓት በላይ የሚረዝም መጥፋት በወር ሁለት ሦስቴ ካሳየ ያኔ ወደ ፓወር ስቴሽን ተሻገሩ። ላፕቶፓችሁም ያንኑ ያህል መቆየት እንዳለበት አትርሱ። ዋይፋዩ በርቶ ላፕቶፑ የሞተበት ሰው ለምን እንደገዛው ራሱን ይጠይቃል።

ኤዲኤስኤል ላይ ያላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፋይበር ሰፈራችሁ ደርሶ እንደሆነ ጠይቁ። መስመሩን መቀየር ከየትኛውም ባትሪ ይበልጣል። ካልደረሰ የመንገዱ ሳጥን ስንት እንደሚቆይ በተዋሳችሁት ባትሪ ለኩ። እሱ አንድ ሰዓት ብቻ ከቆየ ለአምስት ሰዓት ባትሪ መክፈል ከንቱ ነው።

ትንሽ ሱቅ ወይም ካፌ ያላችሁ፣ ክፍያ በስልክ ስለምትቀበሉ፦ ሚኒ ዩፒኤስ ለዋይፋዩ፣ ሲም ለመጠባበቂያ። ጄኔሬተራችሁ ቢኖርም ሚኒዋን ጨምሩ። ደንበኛ ክፍያው እየዞረበት ቆሞ ሦስት ደቂቃ አይጠብቅም።

መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪውን አስከፍታችሁ ማየት ባትችሉም ክብደቱን መዝኑ፤ ዋስትናው በወረቀት ይሁን። ቤት ስትደርሱ ሙሉ አስሞሉና ከሶኬት ነቅላችሁ ስንት እንደቆየ በሰዓት ለኩ። መልሶ ለማስቀየር ቶሎ ማወቅ ይሻላል። እኔ አሁን ባለችኝ ሚኒ ዩፒኤስ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፦ «ጥቅምት፣ 2 ሰዓት ከ50»። በየስድስት ወሩ እለካታለሁ። ሚያዝያ ላይ 2 ሰዓት ከ35 ነበረች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ስትወርድ ባትሪዎቹን አስቀይራለሁ፤ ጎረቤቴ ዊንዲቨሩን ይዞ ይመጣል።